ካራማራ ላይ ስንቆም



በየዓመቱ የካቲት 26 ሲቃረብ ካራማራን ለማየት የሚነሱ ብዙ ናቸው። እኛም የቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን ይዘን ለመሄድ ስናስብ አንድ ጥያቄ ይከተለናል፦ አማኝ በጦር ሜዳ ላይ ሲቆም ምን ዓይነት ልብ ይዞ ይቁም?

መንገዱ ራሱ ያስተምራል። ከሐረር ተነሥተን ባቢሌን ስናልፍ የዳካታ ሸለቆ ይቀበለናል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ፣ አሁን ወደቀ ሲሉት ሳይወድቅ ዘመናትን ተሻግሯል። የፈጣሪን እጅ እያደነቅን ስንቀጥል፣ ከጅጅጋ በስተ ምዕራብ የካራማራ ተራራ ከነበሩ ይመጣል።

ይህን በር የያዘ ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚወስደውን መንገድ ይዟል። በ1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ በእጁ ወደቀች። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ ድል አደረገ። ዛሬ አውቶቡስ የሚመላለስበት መንገድ ደም የፈሰሰበት ነው። ስለወደቁት እግዚአብሔርን ማመስገን ይገባናል።

ነገር ግን ምስጋና ሳናስተውል ትምክህት ይሆናል፤ ትምክህትም ጥላቻን ይወልዳል። ከተራራው ወርደን ጅጅጋ ስንገባ የግመል ወተት የምትሸጥልን እናት፣ ሻይ የሚቀዳልን ወጣት ሶማሌዎች ናቸው፤ ወገኖቻችን ናቸው። ያ ጦርነት በእነርሱም ቤት ሐዘን ትቷል፤ እጅግ ብዙዎች ቀያቸውን ጥለው ተሰደዋል። “ድል አደረግናቸው” ስንል ማንን ማለታችን እንደሆነ እንጠንቀቅ።

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 5 ኢያሱ በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፍ የመዘዘ ሰው አይቶ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ጠየቀው። ያም ሰው ከሁለቱም ወገን ነኝ አላለም፤ የመጣው የእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ሆኖ ነበር። ኢያሱ በግንባሩ ተደፋ፤ ጫማውንም አወለቀ። እግዚአብሔርን ወደ እኛ ሰልፍ ከመጎተት በፊት፣ እኛ በፊቱ ዝቅ ማለት ይቀድማል። ጌታችን ኢየሱስም የጥልን ግድግዳ ያፈረሰው የራሱን ሥጋ አሳልፎ በመስጠት ነው።

እንግዲህ ካራማራ ስንደርስ ፎቶ ከመነሣታችን በፊት አንድ አፍታ ዝም እንበል። ስለወደቁት እናመስግን፤ በሁለቱም ወገን ልጆቻቸውን ስላጡ እናቶች እንጸልይ። ከዚያም ጅጅጋ ገብተን ከአንድ አዛውንት ጋር ሻይ እንጠጣ፤ ያ ዘመን በቤታቸው ምን እንዳደረገ በአክብሮት እንጠይቅ፤ አቋርጠን ሳንናገርም እንስማ።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ፣ እናንተም ከእኛ ጋር ኑ። ከሰው ጋር የሚያስታርቀን አስቀድሞ ከእግዚአብሔር ጋር ያስታረቀን ክርስቶስ ነውና።

ጌታ ይባርካችሁ።