የሜልኮል መስኮት

ሲሸበሸብ እግሬ አይታዘዘኝም። ለጥምቀት ታቦት አጅበን ስንመለስ አክስቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ እልልታውን እያቀለጠች ከፊት ከፊት ትላለች፤ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ጃንጥላዋንና የልጆቿን ጫማ እይዛለሁ። «ምነው አንተ ልጅ፣ ዕቃ ጠባቂ ሆነህ ቀረህ?» ትለኛለች። ዕቃ ጠባቂም ያስፈልጋል ብዬ አልመልስላትም፤ ታቦት ፊት ከአክስት ጋር ክርክር አይገጥሙም።

ዳር የቆመ ሰው ግን የማሰቢያ ጊዜ አያጣም። እግዚአብሔርን በዝላይና በጭብጨባ ማመስገን ከየት መጣ? ሊቃውንቱን ብትጠይቁ በቀጥታ ወደ ዳዊት፣ ወደ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 ይወስዷችኋል። ንጉሡ የበፍታ ኤፉድ ታጥቆ በታቦቱ ፊት ሲዘል፣ ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልቧ ናቀችው። ይህ ሲሰበክ ምእመኑ ሁሉ ራሱን ዳዊት አድርጎ ነው የሚሰማው። እኔ ለሜልኮልም ትንሽ አዝንላታለሁ፤ የንጉሥ ልጅ ናት፣ ወግ ታውቃለች።

ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያለውና ሰባኪው ፈጠን ብሎ የሚያልፈው ታሪክ ነው። ያ ዝላይ በታቦቱ ሁለተኛ ጉዞ ላይ ነበር። በመጀመሪያውም ከበሮው፣ በገናው፣ ጸናጽሉ ሁሉ ተሟልቶ ነበር። ታቦቱን ግን በሠረገላ ጭነውት ኖሮ፣ በሬዎቹ ሲደናቀፉ ዖዛ የተባለ ሰው እጁን ዘርግቶ ደገፈው፤ እዚያው ተቀሠፈ። ዳዊት ፈራ። ታቦቱ 3 ወር ሰው ቤት ተቀመጠ። በሁለተኛው ጊዜ ሰዎች ተሸከሙት፤ 6 እርምጃ ሲራመዱም መሥዋዕት ቀረበ። ንጉሡ እንደዚያ የዘለለው ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጭፈራ ምንም አልጎደለውም ነበር፤ ጭፈራ ብቻውን ግን አልበቃም።

የእኛ ሊቃውንት ይህ ነገር በደንብ የገባቸው ይመስለኛል። ዜማው የ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱማዊ የቅዱስ ያሬድ ነው። በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በተመስጦ ጦራቸውን እግሩ ላይ ተክለውበት፣ ወጊውም ተወጊውም አላወቁም ይባላል። (እኔ ጫማዬን ሲረግጡኝ እንኳ ዞር ብዬ አያለሁ።) ጸናጽል ከክርስትና በፊት በግብፅ ለሐቶር ይንሿሿ የነበረ መሣሪያ ነው፤ እኛ ጋ ተጠምቆ የያዕቆብ መሰላል ምሳሌ ሆኗል።

ዋናው ግን አካሄዱ ነው። ማኅሌት ቆማችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮ የለ፣ እንቅስቃሴ የለ፣ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ፤ መቋሚያው ቀስ ብሎ ወዲህና ወዲያ ዘንበል ይላል፣ ወደ ምድር ይወርዳል። መረግድ ሲገባ ከበሮው ገና መሬት እንደተቀመጠ በዝግታ ይመታል፣ ጸናጽሉ ይከተለዋል። ከዚያ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ማን እንደጨመረው ግን አይታወቅም። ከበሮ መቺው ጠፍሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ ይነሳና ትይዩ በቆሙት ሁለት ረድፎች መካከል ይገባል። ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ዞር ይላል። ጭብጨባው ይደምቃል። ከሴቶች በኩል እልልታ ይነሳል። ሌሊቱን መቋሚያ ተደግፈው ያደሩት አዛውንት መሪጌታ በዚህ ሰዓት ጉልበቱን ከየት እንደሚያመጡት እግዜር ይወቀው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮውም ጸናጽሉም ተሰቅለው መቋሚያ ብቻ ይቀራል። 55 ቀን! የፋሲካ ሌሊት ከበሮ ሲመታ ሰው እንባ የሚተናነቀው ወዶ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1625 አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ ይህንኑ አይቶ ጽፏል። ቀስ ብሎ መጀመሩን፣ እየጋለ መሄዱን፣ ዝላይና ጭብጨባ ላይ መድረሱን መዝግቧል፤ ዓይኑስ ጥሩ ነበር። ፍርዱ ግን ከጸሎት ይልቅ ሁከት ይመስላል የሚል ሆነ። እኛዎቹ ስለ ጭብጨባ የሚናገረውን የዳዊት መዝሙር እንደሚጠቅሱም አልደበቀም፤ አላሳመነውም እንጂ። ሜልኮል ብዕር ይዛ ብትቀመጥ ከዚህ የተለየ የምትጽፍ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1632 አፄ ሱስንዮስ በእነ ሎቦ እምነት ፋንታ የቀደመውን ሃይማኖት ሲመልሱ ከበሮው እንዴት እንደተመታ መገመት አያቅትም።

ወንጌላዊ አማኝ የሆነ ጓደኛ አለኝ። እነሱ ጋ ነገሩ ተገልብጦ ነው፤ በኪቦርድና በድራም ሞቅ ያለው ዝማሬ ይቀድማል፣ ወጣቱ ይዘላል፣ ከዚያ ዜማው እየረጋ ሄዶ ዓይን ተጨፍኖ፣ እጅ ተዘርግቶ፣ በእንባ ያልቃል። እኛ ቆመን ጀምረን ዘለን እንጨርሳለን። የቱ ይሻላል በሚል ስንት ቡና ጠጥተናል። እኔ ቀስ ብሎ መድረሱ ይበልጥብኛል፤ ለሰነፍ እግር ጊዜ ይሰጣል። እሱ ደግሞ ለተደረገልኝ ነገር ለማመስገን ሌሊቱ እስኪጋመስ ለምን እጠብቃለሁ ይላል፤ ክፉ ክርክር አይደለም።

አንድ የበዓል ሌሊት አብሮኝ መጣ። ቁም ዜማውን ታገሠ። ዝማሜው ላይ «መቼ ነው የሚሞቀው?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደገመኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቅርታ ጠይቆኝ ወጣ። ከበሮው የተነሳው እሱ ሜትር ታክሲ ውስጥ ሲገባ ነው። ጠዋት ደወልኩና አመለጠህ አልኩት።

«ሞንታርቦው መች ያስመልጣል?» አለኝ። «ሹፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ መሪውን ከከበሮው ጋር ሲመታ ነበር። ሒሳቡን ግን አልቀነሰልኝም።»