ደረቀ ወይስ ተጠጣ?

"ብቻዬን ሐረማያ ወጥቼ የሐይቁን ዳር በእግሬ ልዞር ነው" ባልኩ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው ቢኖር ያላገኘሁት ብቻ ነው። "ፋዘር፣ መኪናህ ተበላሸ እንዴ?" አለኝ አንዱ የባጃጅ ሹፌር። ዕድሜው ከመጨረሻ ልጄ አይበልጥም። (ድሬ ላይ "አንቱ" ገበያ እንደሌለው የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁ ሄዳችሁ ሞክሩት። ሁለት ቀን ስትሰነብቱ "እርስዎ" የሚላችሁ ሰው ያኮረፋችሁ ይመስላችኋል።)

ሳቃቸው ይገባኛል። እኛ አገር ሰው ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄደው ገበያ ለመድረስ፣ ለቅሶ ለመድረስ ወይም ታክሲ ጠፍቶበት ነው። ስለት ያለበት ደግሞ ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ለቁልቢ ገብርኤል ስንትና ስንት ኪሎ ሜትር ይኳትናል፤ በእሱ የሚስቅ የለም። ምንም ሳይሳል፣ ምንም ሳይሸጥ፣ እንዲያው ውሃ ለማየት ብሎ ዳገት የሚወጣ ሰው ግን ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ጤና የለውም።

ከአዲስ አበባ የመጣነው ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ባንድ አሮጌ ኮሮላ ነው። ጭሮንና ቁልቢን አልፈን ደንገጎ ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥ ያለው በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል። የግራው ቁልቁል እየተጠማዘዘ ድሬዳዋ ይጥላችኋል። ወዳጆቼ የድሬ በርጫ ናፍቋቸው ስለነበር በግራው ወረድን፤ የኔ ዓይን ግን በቀጥታው መንገድ ቀረ። በማግስቱ እነሱን እንደተኙ ትቼ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አንድ ሀይላንድ ውሃ፣ አራት ሳምቡሳና ጋቢዬን ይዤ በሚኒባስ ተመልሼ ወጣሁ።

ለነገሩ የተራራ ሐይቅ የሚያምረው ሰው የምሩን ከሆነ ባሌ ይሂድ። ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብርድ ያቀፋቸው ሐይቆች አሉ። ሐረማያ ያለው በግማሹ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የምትነሱት ግን 1,200 ሜትር አካባቢ ካለችው ድሬዳዋ ስለሆነ ሰማይ የወጣችሁ ይመስላችኋል። ጆሮ ይደፈናል፤ ታች ሸሚዝ የከበደው ሰው ላይ ጋቢ ይደርባል።

ደንገጎ ጫፍ ላይ ወረድኩና ትንሽ ቆምኩ። ይህ ተራራ ውሃ መለያያ ነው። በሰሜን በኩል ያረፈ የዝናብ ጠብታ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ በደቻቱ አሸዋ አድርጎ የአዋሽ ተፋሰስ ወገን ይሆናል። በደቡብ ያረፈው የዋቢ ሸበሌ ወገን ነው፤ ሐረማያም እዚያ ወገን ነው። ሁለቱ ጎኖች የሚጋሩት የተራቆተ ቁልቁለት ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲጨርስ፣ ጎርፉ የመጣው ከነዚህ ተራሮች ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ ጎን ውሃ በዝቶ ሰው ሲያልቅ፣ ከተራራው ማዶ ሐይቁ ራሱ አልቆ ነበር።

እስከ አዴሌ ሌላ ሚኒባስ ያዝኩና ከዚያ እግሬን አመንኩት። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ጫት ነው። እንደ አበባ ተኮትኩቶ፣ በመስመር ተተክሎ፣ በመሀሉ ማሽላ ገባ ገባ ብሎበት፣ እስከ ኮረብታው ትከሻ ድረስ ጫት ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ጥቅሙ ማንም ስለማያወራው የድሮ ነገር ሁሉ ይመጣበታል። እኔን የመጣብኝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከድሬዳዋ ተማሪ ቤት በአውቶቡስ ጭነው ያመጡን ቀን ነው። ያን ያህል ውሃ ባንድ ቦታ ተኝቶ አይቼ አላውቅም ነበር። ለድሬ ልጅ ውሃ ማለት ወይ ከቧንቧ የሚንጠባጠብ፣ ወይ በደቻቱ እየጮኸ መጥቶ እየጮኸ የሚያልፍ ነው። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ውሃ መኖሩ ገረመኝ። አስተማሪያችን "ይኼ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባ ሁሉ እዚሁ ይቀራል" ያሉን ትዝ ይለኛል። ያኔ የገባ ውሃ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ አፈርም የገባ እንደሆነ አይወጣም!

ከዚያ በኋላ የሆነውን የምሥራቁ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከ4 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን የነበረው ሐይቅ ዓመት በዓመት ሸሸ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጭራሹን ጠፋ። ከብት በወለሉ ላይ ጋጠ፤ ገበሬው ሆዱ ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረ።

ያን ጊዜ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ከዚህ አገር የመጡ ተማሪዎቼ ግጥም ጻፉ ሲባሉ ለሐረማያ ሙሾ ያወርዱ ነበር። ሙሾው ሁሉ ባንድ ግስ ላይ ይቆማል፤ "ደረቀ"። ሰዋስው ያስተማረ ሰው ይህን ግስ መጠርጠሩ አይቀርም። "ደረቀ" አድራጊ አይፈልግም። ልብስ ይደርቃል፣ እንጀራ ይደርቃል፣ ቅጠል ይደርቃል፤ "ማን አደረቀው?" ብሎ የሚጨቃጨቅ የለም። ፀሐይ ነዋ! "ተጠጣ" በሉ እስቲ። ወዲያው "በማን?" የሚል ይመጣል።

በማን? ሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት በቧንቧ ስትጠጣው ኖራለች፤ የሐረማያና የአወዳይ ከተሞችም እንዲሁ። ጫቱ ጠጥቶታል፣ ድንቹና ሽንኩርቱም ጠጥቷል። የጫት ዋጋ ጣሪያ የሚነካው በበጋ ነው፤ ክረምትማ ማንም ያበቅለዋል። ስለዚህ ፓምፑ ሌት ተቀን የሚሠራው ሐይቁ አቅሙ በተሟጠጠበት ወር ነው። በዚያ ላይ ዛፉ ካለቀበት ኮረብታ የሚወርደው ደለል ጎድጓዳውን ሞላው። ያ ቅጠል ታስሮ በማግስቱ ጅቡቲና ሶማሌ አገር ይደርሳል። የሐረማያን ውሃ የጠጣው ሰው ሁሉ ስብሰባ ቢጠራ አዳራሽ አይበቃውም።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሌም ያስቀኛል፤ የሚያስቅ ከሆነ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት እዚያ የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ "ዓለማያ" ነበር የሚባለው። ለአማርኛ ጆሮ "ዓለም ማያ" ይመስላል፤ ቆንጆ ስም ነው። የአገሩ ሰው ግን "ሐረማያ" ነው የሚለው፤ "ሐራ" ደግሞ በኦሮምኛ ሐይቅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ስሙን አስተካክሎ "ሐረማያ" የተባለው በ1998 ዓ.ም. ነው። ሐይቁ በሌለበት ዓመት ማለት ነው! ስሙ ሲመለስ ባለስሙ አልነበረም።

አሁን ተመልሷል። ኮረብታውን ተሻግሬ ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ እግሬ ቆመ። ያን የልጅነቴን አያህልም፤ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ግን ውሃ ነው። ነጫጭ ወፎች ዳር ዳሩን ይለቅማሉ፣ ልጆች ባጃጅ ያጥባሉ፣ አንድ ጀልባ ሙሽሮች አሳፍሮ ይዞራል። "ሐይቁ ተመለሰ" ይላል ሁሉም። ይኸውላችሁ፣ እንደገና አድራጊ የሌለው ግስ! ዘመድ ጥየቃ ሄዶ የነበረ ይመስል። ያላያችሁት ሰው አለ፤ ኮረብታው ላይ እርከን የሠራው፣ ችግኝ የተከለው፣ ደለል የጠረገው። በ2012 ዓ.ም. ምሥራቅ አፍሪካን በሙሉ ያጥለቀለቀው ዓይነት ዝናብም አለ። ሐረር ደግሞ ከሐይቁ አፏን አንስታለች፤ ዛሬ ውሃዋ የሚመጣው ከድሬዳዋ ወገን ከቆላው የከርሰ ምድር ጉድጓድ፣ ያን ውሃ መለያያ ተራራ በፓምፕ እየተገፋ፣ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ነው። ዱሮ የደጋው ውሃ ለደጋው ይበቃ ነበር፤ አሁን ቆላው ለደጋው ያጠጣል።

ሐይቁን እየዞርኩ ግማሽ ያህል እንደሄድኩ ድምፅ ሰማሁ። ወፍ አይደለም። ሞተር ነው።

ባለ ሞተሩ በኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ጺሙን ሂና የቀባ ገበሬ ነው። ቱቦው ከሐይቁ ተነስቶ ወደ ጫቱ ይገባል። "አካም፣ ነጌያ?" ተባባልን። ሳምቡሳዬን አቀረብኩ፤ እሱም ሁለት ቀንበጥ ጫት። መቼም ባዶ እጅ መገናኘት የለም።

"ጋዜጠኛ ነህ?" አለኝ በአማርኛ።

"ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ።"

"ያኔም መጥታችሁ ነበር" አለ። "ሲደርቅ። ፎቶ አነሳችሁ፣ አለቀሳችሁ፣ ሄዳችሁ። እኛ እዚሁ ነበርን። እኔ እዚያ ጋ ነው የቆፈርኩት፤" ወደ ሐይቁ መሀል ጠቆመኝ። "አሁን ጉድጓዴ ውሃው ሥር ነው።"

"አሁንስ እንደገና ቢያልቅ?" አልኩት።

ሞተሩን አየ፣ እኔን አየ። "አባ" አለኝ፣ "ልጆቼ ስድስት ናቸው። መሬቴ ይችው ናት። ማሽላ ብዘራባት ለሦስት ወር አትበቃም። ጫቱን በጥር ካላጠጣሁት ሰው አይገዛኝም። አንተ ንገረኝ፤ እኔ ብተው ያኛው ይተዋል?" ወዲያ ማዶ ሁለት ሌሎች ሞተሮች ይጮሃሉ። "እሱ ካልተወ፣ እኔ የተውኩትን እሱ ነው የሚጠጣው።"

መልስ አልሰጠሁትም፤ አልነበረኝማ። ደጋግሜ ሳስበው ግን፣ ሰውዬው የተናገረው በየዩኒቨርሲቲው ኢኮኖሚክስ ክፍል የሚሰጠውን ትልቅ ትምህርት ነው፤ ያውም ባጭሩ። ብቻውን መተው ሞኝነት የሚሆንበት ነገር ብቻውን አይተውም።

ስለዚህ በበጋ ወር ፖሊስ ልኮ ሞተር መልቀም መፍትሔ የሚመስለው ሰው ይቅር ይበለኝ፣ አይመስለኝም። ሞተሩ ቀን ይለቀምና ሌሊት ይመለሳል። ሶቪየቶች ከ1950ዎቹ ጀምረው አራል የሚባለውን ባሕር ለጥጥ አጠጥተው ጨረሱት፤ መርከብ አሸዋ ላይ ቀረ። ካዛኮች ሐረማያ ባለቀበት ሰሞን፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ግድብ ሠርተው የሰሜኑን ቁራጭ አዳኑት፤ ዓሣውም ተመለሰ። ትልቁን የደቡብ ክፍል ግን ትተውት ነው። ከየት ጀምሮ እንደሚተዉ ቆርጠዋል። እኛ ጋ የጎደለው ይሄ ቁርጥ ነው። ሐይቁ ውስጥ አንድ ምልክት ያለው እንጨት ይተከል፤ ውሃው ከምልክቱ በታች ሲወርድ ሞተር ሁሉ፣ የዘመድም የባለሥልጣንም፣ ባንድ ቀን ይቁም። የሚቆጣጠሩትም ባለ ሞተሮቹ ራሳቸው ይሁኑ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ከመንግሥት በላይ ያውቀዋል። ለቆመበት ጊዜ ደግሞ ገበሬው ብቻውን አይክሰር። ከጫት የሚሰበሰበው ቀረጥ ጥቂት አይደለም፤ ከሱ ቆንጠር ተደርጎ ለኮረብታው እርከንና ለበጋው ማካካሻ ቢውል፣ ከፋዩ ያው ቃሚው ነው። ቃሚው ደግሞ ሲጠጣው ኖሯል።

ይህን ለገበሬው ብነግረው ምን እንደሚለኝ አላጣሁትም። "ማን ይሰበስበናል?" ነው የሚለኝ። ትክክል ነው። እስካሁን ሁሉም የተሰበሰበው ችግኝ ለመትከል ነው፤ ውሃውን ለመከፋፈል የተሰበሰበ አላየሁም። ችግኝ መትከል ፎቶ ያምራል።

ወደ 10 ሰዓት ላይ ጉልበቴ ስለዛለ የቀረውን ዙሪያ ትቼ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ወደ ድሬ የሚወርድ ሚኒባስ አገኘሁ። የጋቢና ወንበር ደረሰኝ፤ ከኋላዬ ያሉት ወንበሮች ግማሹ ሰው፣ ግማሹ በጆንያና በቅጠል የተጠቀለለ ጫት ነው። ደንገጎን ስንጀምር አንድ የጫት አይሱዙ፣ ያ "አልቃይዳ" የምንለው፣ ጥሩምባውን እየነፋ በጥምዝምዙ ላይ ቀደመን፤ ሹፌራችን ረገመውና ሊከተለው ነዳጅ ሰጠ። ረዳቱ ጫቱ እንዳይጠወልግ ከጀሪካን ውሃ በእፍኙ እየዘገነ ጥቅሉ ላይ ይረጫል። ውሃው በወለሉ ተንቆርቁሮ ጫማዬ ሥር ደረሰ። "ከየት ቀዳኸው?" አልኩት። "ከሐይቁ ነዋ፣ ፋዘር" አለኝ፣ እየረጨ።