የፒኮ ደሴት ማማና ዓሣ ነባሪ

በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል፣ የፖርቱጋል ግዛት ከሆኑት ከአዞረስ ደሴቶች አንዲቱ ፒኮ ትባላለች። ከደሴቲቱ የሚነሣው የእሳተ ገሞራ ተራራ 2,351 ሜትር ከፍታ ስላለው፣ በመላው ፖርቱጋል እርሱን የሚያህል ተራራ የለም። ላዥስ ከምትባለው ከተማዋ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ባሕር ያዞረ አንድ ትንሽ ማማ አለ። የአገራችን ገበሬ በማማ ላይ ሆኖ እህሉን ከወፍና ከዝንጀሮ እንደሚጠብቅ፣ የዚያ አገር ሰውም በመነጽር ባሕሩን ሲጠብቅ አየን።

የሚጠብቀውም ከነቢዩ ከዮናስ ታሪክ ስሙን የምናውቀውን ዓሣ ነባሪን ነው። ይህ ፍጥረት ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ጠባዩ የዓሣ አይደለም፤ በሳንባ ይተነፍሳል፤ ደሙም ሙቅ ነው፤ ልጁን ወልዶ ጡት ያጠባል። የዓሣ ጅራት የቆመ ሆኖ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲወዛወዝ፣ የዚህ ግን የተጋደመ ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። ዶልፊንም በዚህ ሁሉ ታናሽ ዘመዱ ነው።

በፒኮ ባሕር ስሙ የገነነው ወገን ካሻሎት ይባላል። ወንዱ እስከ 16 ሜትር ይረዝማል፤ ራሱም የአካሉን ሲሶ ያህላል። አንጎሉ 8 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ በፍጥረት ሁሉ የሚበልጠው አልተገኘም። የሚተነፍስበት ቀዳዳ አንድ ብቻ ሆኖ በራሱ ጫፍ በግራ በኩል ስለሚገኝ፣ እስትንፋሱ ወደ ፊትና ወደ ግራ አዘንብሎ ይወጣል። የማማው ጠባቂ ከሩቅ የሚለየው በዚህ ምልክት ነው።

ቀድሞ ግን የሚጠበቀው ለመግደል ነበር። ጠባቂው እስትንፋሱን ባየ ጊዜ ርችት ይተኩሳል፤ ገበሬውም ዶማውን ጥሎ ወደ ጀልባው ይሮጣል፤ በመቅዘፊያና በሸራ ተጠግተውም ገመድ የታሰረበትን ጦር በእጃቸው ይወረውሩበታል። ስቡን አቅልጠው ዘይት አድርገው ይሸጡት ነበር። በኋላ ግን ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሲዮን ለንግድ ማደን እንዲቀር እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. ወሰነ፤ ውሳኔውም ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። በፒኮ የመጨረሻው ካሻሎት የተገደለው በ1987 ዓ.ም. ነው።

አባት ለልጁ ያስተማረው ሙያ እንጀራ መሆኑ በቀረ ጊዜ፣ ለደሴቲቱ ሰዎች ጭንቅ ነበር። ነገር ግን ባሕሩን የለመደው ዐይን አልጠፋምና፣ ከአዳኞቹ ጋር የነበሩት ጠባቂዎች ለማየት የሚመጡትን እንግዶች ጀልባ በራዲዮ ይመሩ ጀመር። ዛሬም ማማው የሚያገለግለው ለዚሁ ነው።

እንግዳው የሚያየውም ለቤተሰብ ትምህርት የሚሆን ነገር ነው። እናቲቱ ስኩዊድ የተባለውን ምግቧን ፍለጋ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደሚጠልቀው ጨለማ ወርዳ 45 ደቂቃ ያህል ትቆያለች። ግልገሏ ያን ያህል መጥለቅ ስለማይችል ከላይ ይቀራል፤ ሴቶቹ ዘመዶቿም ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳይጠልቁ፣ እየተፈራረቁ ይጠብቁታል። የጎረቤትን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ መጠበቅ ለሰው ብቻ የተሰጠ የሚመስለው ቢኖር፣ ወደ ፒኮ ማማ ወጥቶ ይመልከት።