ሰው ሰው የሚሸት ጨርቅ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውትዎ። እኔ ያደግሁት ቆላ ነው። እኛ ሰፈር መስቀል አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ ሲረጋ ወባም ይከተላል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛል። እናቴ አጠገባችን ቁጭ ብላ «ለመሆኑ ይቺ ትንኝ በዚህ ጨለማ የተኛንበትን ማን ነገራት?» ትል ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የነገራት ሽታችን ነው።

የምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሩቅ ይቀሰቅሳታል፤ ስትቀርብ ደግሞ የላብና የቆዳ ሽታ ይመራታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ባርት ክኖልስ የተባለ ሆላንዳዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሲያጠና፣ አኖፊለስ ጋምቢዬ የምትባለው የወባ ትንኝ የተቀመጠ ሰው ስታገኝ እግርና ቁርጭምጭሚቱን እንደምትመርጥ አየ። እግርን የሚያሸቱት ባክቴሪያዎች ደግሞ ሊምበርገር የሚባለውን አይብ ለሚያሸተው ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። አይቡን ቢያቀርቡላት እውነትም መጣች።

እንግዲህ ሽታውን ያለ ሰው መሥራት ይቻል ይሆን? ታንዛንያ ውስጥ በኢፋካራ ጤና ኢንስቲትዩት ፍሬድሮስ ኦኩሙና ባልደረቦቹ ሞከሩት። አሞኒያና ላክቲክ አሲድን ከሌሎች አሲዶች ጋር ቀመሙ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ጨመሩበት። ከዚያ ለሙከራ ከተሠሩት ጎጆዎች በአንዱ ሰው አስተኙ፣ በሌላው ሽታውን ብቻ አስቀመጡ። በመካከላቸው ከ10 እስከ 100 ሜትር ርቀት አለ። ሰው የሌለበት ጎጆ ሰው ካለበት ከ3 እስከ 5 እጥፍ የሚበልጥ ትንኝ ሳበ! ውጤቱ የታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ሰውየውንና ሽታውን አንድ ጎጆ ውስጥ ጎን ለጎን ሲያደርጓቸው ሽታው ብልጫውን አጣ፤ ከሰው እኩል፣ አንዳንዴም ያነሰ ሆነ። ከቅርብ የሰውነታችን ሙቀትና እርጥበትም ስለሚጠራት ሳይሆን አይቀርም። ይህን አንድ ሌሊት ጎጆ ውስጥ ያላደረ ሙከራ አይነግረንም። ሰው በደግ ልብ በዚህ ሽታ የሚሠራ ወጥመድ ከልጁ አልጋ አጠገብ ቢሰቅል ትንኟን ከደጅ ጠርቶ ለልጁ እንዳያስረክባት እሰጋለሁ።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ባለችው የኬንያዋ ሩሲንጋ ደሴት ግን ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ወጥመድ ከቤት ውጭ ሰቀሉት። ውስጡ ሽታው የተነከረባቸው የናይለን ቁራጮች ነበሩ፤ ማራገቢያውን የሚያዞረው የፀሐይ ኃይል ለቤቱ መብራትና ለስልክ ቻርጅም ይበቃ ነበር። ይህን ያሰበ ሰው ገጠርን ያውቃል፤ ለመብራቱ ሲል ወጥመዱንም የሚንከባከብ አባወራ አይጠፋም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በወጣው ውጤት ወጥመድ በገባላቸው ዘንድ ወባ 30 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ፤ አኖፊለስ ፉኔስተስ የተባለችው ትንኝ ደግሞ በ69 በመቶ ቀነሰች። አጎበሩም አልቀረም ነበር፤ ወጥመዱ በላዩ የተጨመረ ነው።

የእኛ አገሯ ትንኝ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ግን ጠባይዋ ሌላ ነው። ሰው ካገኘች ከሰው፣ ከብት ካገኘች ከከብት ትጠጣለች። ዶሮን ግን ትሸሻለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ መንደሮች ደም ጠጥተው የተያዙትን ቢመረምሩ የዶሮ ደም የተገኘባት አንዲት ብቻ ነበረች። ሰው በተኛበት ቤት ወጥመዱ አጠገብ ዶሮ ሲያንጠለጥሉ የምትያዘው ትንኝ ቀነሰች፤ ከዶሮ ሽታ ውስጥ ተለይተው የወጡ ውህዶች ብቻቸውን ሲቀመጡም እንዲሁ።

እናቴ ዶሮዎቿን ሸለምጥማጥ እንዳይበላባት ከእኛው ጋር ቤት ውስጥ ታሳድር ነበር፤ ቆጡ ከመኝታችን ራስጌ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ያኔ ለምን ታመማችሁ?» አለችኝ። «ቀነሰች አሉ እንጂ ጠፋች አላሉም፣ እማዬ» አልኳት።