ጢስ ያልሆነው ጢስና የማይታየው ጢስ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ደንበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ይደርሳል። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬው ስሟ የሰላም ጎዳና ማለት ነው። በመስከረም አገሩ ሁሉ በአደይ አበባና በጤፍ ቡቃያ ተሸፍኖ ሲታይ፣ ስሙ ለሥፍራው የተገባ መሆኑን ዓይን ይመሰክራል።

እኛም ጢስ ዓባይን ለማየት ስንሄድ ቡሬ ላይ መሸብንና ከአንድ ደግ ባላገር ቤት አደርን። ሌሊቱ ዝናብና ብርድ ስለ ነበረ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታችን አስገብቼ በሩንና መስኮቱን ዘጋሁ። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢስ አልነበረውምና ክፉ ነገር ያመጣል ብዬ አልጠረጠርሁም። በውድቅት ሌሊት ራሴ ሊፈለጥ ሲል ነቃሁ፤ ልነሣ ብል ጉልበቴ ከዳኝ። ከጎኔ የተኛውን የ12 ዓመት ልጄን ብጠራው አልመለሰልኝም። እየዳኽሁ በሩን ከፍቼ ብጮህ የቤቱ እመቤት ደርሰው ልጁን ወደ ደጅ አወጡት። ከብዙ ጊዜ በኋላ አስመለሰውና «አባባ» አለኝ። እመቤቲቱም «ጌታው፤ ከሰል ዝም ብሎ ነው የሚወስድ» አሉኝ።

ልጁ ከዳነ በኋላ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጢስ ዓባይ ደረስን። ከ1964 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ከውሃው ከፊሉ ለኤሌክትሪክ ሥራ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው በበጋ ይሳሳል፤ ክረምቱ ሲያልቅ ግን ከ40 ሜትር በላይ ከሆነው ገደል እየተወረወረ ነጭ ጢሱን ወደ ሰማይ ይሰዳል። ልጄም ፊቱ በብናኙ ርሶ «አባባ፤ ይኸስ ጢስ ይገድላል?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው አሳዘነኝም፤ አስተማረኝም። ይህ ከሩቅ የሚያስፈራው ጢስ የውሃ ብናኝ ነው፤ ሊገድለን የነበረው ግን መልክም ሽታም የለውም። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ደም ኦክሲጅንን ከሚይዝበት ኃይል ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋልና ሰው አየር እየሳበ ይታፈናል። የበራ ኩራዝም አያስጠነቅቅም፤ መብራቱ ሳይጠፋ ሰው ይሞታልና።

ስለዚህ ሊቃውንት ለዓይንና ለአፍንጫ ምትክ ፈለጉ። ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ከ1890ዎቹ ጀምሮ፣ ከሰው ቀድማ የምትታመም የካናሪ ወፍ ወደ ማዕድን ጉድጓድ እንድትገባ መከረ። ኋላ ግን የወፏን ሥራ መሣሪያ ተረከበ።

የመሣሪያው ሥራ ረቂቅ ነው፤ ከሚሊዮን አንዱን ክፍል ለይቶ ማወቅ አለበትና። ይህም በ300 ግራም ያህል ነጭ ጤፍ ውስጥ የወደቀችን አንዲት ጥቁር ጤፍ ከመልቀም ጋራ ይነጻጸራል። ጆን ቲንደል ከ1859 ጀምሮ እንዳሳየው፣ አንዳንድ ጋዞች የማይታየውን የሙቀት ብርሃን ይውጣሉ፤ እያንዳንዱም የሚውጠው ለራሱ የሆነውን ነው። መሣሪያው የተዋጠውን ብርሃን መጠን ለክቶ የጋዙን ብዛት ይናገራል። ነገር ግን የውሃ እንፋሎትም ብርሃን ስለሚውጥ መሣሪያውን ያሳስታል። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 በሃዋይ ተራራ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን መለካት ሲጀምር፣ አየሩን አስቀድሞ በብርድ ያደርቅ፣ መሣሪያውንም መጠኑ በታወቀ ጋዝ ይፈትን ነበር። በፍርድ ቤት ምስክሩ ራሱ እንደሚመረመር፣ መለኪያውም ካልተመረመረ ቃሉ አይታመንም።

ለቤት የተሠራው ትንሹ መሣሪያ ሌላ ብልሃት አለው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲነካው ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠርና ደወሉ ይጮኻል። እርሱም ቢሆን በየጊዜው ይፈተናል፤ ዘመኑ ሲያልፍም ይለወጣል።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ መሣሪያውን የሚችል ይግዛ። የማይችልም ከሰሉን በደጅ ያቀጣጥል፤ ቤቱን ያናፍስ፤ ማንደጃውንም ከመተኛቱ አስቀድሞ ያውጣ። እኔ ይህን ሳልማር ልጄን ላጣው ነበር። በጢስ ዓባይ ዳር እጁን ይዤ ቆሜ «ይኸ ጢስ አይገድልም፤ ልብስህን ብቻ ያረጥባል» አልሁት፤ እርሱም ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።