የጦማሪ እንጀራ

«እየጻፉ መኖር ይቻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህራንም አሉበት፣ ዓረብ አገር ሆነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን ጊዜ የሚያሰሉ እህቶችም አሉበት። አጭሩ መልሴ «አዎ፣ ይቻላል» ነው። ይቻላል የምለው ግን አብዛኛው ሰው በሚያስበው መንገድ ስላልሆነ፣ ረጅሙን መልስ ዛሬ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ለሁላችሁም ይድረስ።

በመጀመሪያ የተለመደውን መንገድ እንየው። ዩቲዩብ ላይ ስለ ጡመራ ገቢ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚሉት ተመሳሳይ ነው፦ ድረ ገጽ ክፈት፣ ብዙ ሰው ይግባበት፣ ጉግል ማስታወቂያ ያስገባልሃል፣ ዶላር ይከፈልሃል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ካለፈ በኋላ ደግሞ በዶላር የማግኘት ጉጉት በጣም ጨምሯል። መንገዱ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይሠራል። በአማርኛ ለሚጽፍ ግን ገና ከጅምሩ ይዘጋል። የጉግል አድሴንስ ማስታወቂያ የሚስተናገድባቸው ቋንቋዎች ተዘርዝረው ተቀምጠዋል፤ አማርኛ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። በእንግሊዝኛ ጽፎ የተፈቀደለት ሰው እንኳ ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻው የሚረጋገጥበት የሚስጥር ቁጥር በፖስታ ይላክለታል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ደብዳቤ ቤት ድረስ ስለማይመጣ የፖስታ ሣጥን መከራየት ግድ ነው። ከዚያም ሒሳቡ 100 ዶላር እስኪሞላ ይጠበቃል።

ቴሌግራምም በመጋቢት 2016 ቢያንስ 1000 ተከታይ ላላቸው ቻናሎች የማስታወቂያ ገቢውን ግማሽ ማካፈል ጀምሯል፤ ክፍያው ግን ቶንኮይን በሚባል ክሪፕቶ ነው፤ ብሔራዊ ባንካችን ደግሞ በ2014 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በሌላው ዓለም ያሉ ጸሐፊዎች ከአንባቢያቸው በካርድ የሚቀበሉበት ስትራይፕም ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም።

እነዚህ በሮች ሁሉ አንድ ቀን ሊከፈቱ ይችላሉ። ቢከፈቱ ደስ ይለኛል። ዋናው ችግሬ ግን ከመዘጋታቸው ይልቅ ወደየት እንደሚመሩን ነው። የማስታወቂያ ገቢ የሚሰላው በሚገባው ሰው ብዛት ነው፤ ስለዚህ የሚያጣድፈው ወደ ብዛት ነው። ወሬ፣ የታዋቂ ሰው ጠብ፣ «ጉድ ፈላ» የሚል ርዕስ። ከዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ በኋላ አንባቢው የጸሐፊውን ስም አያስታውስም። እኔ አጥብቄ የማምነው በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ኑሮውን መመሥረት ያለበት አንባቢው ራሱ ወዶ በሚከፍለው ብር ላይ መሆኑን ነው። ይህ ከዐሥር ዓመት በፊት ቢባል ምኞት ነበር፤ ጎንደር ያለ አንባቢ አዲስ አበባ ላለ ጸሐፊ መቶ ብር ለመላክ ባንክ ቤት መሰለፍ ነበረበት። በግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ግን ያው መቶ ብር ሻይ እየጠጡ ይላካል። አምስት መቶ ሰው በወር መቶ መቶ ብር ቢከፍል ሃምሳ ሺህ ብር ነው። አምስት መቶ ሰው ብዙ አይደለም፤ አንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከዚያ በላይ ሰው አለ።

ጥያቄው እነዚያ አምስት መቶ ሰዎች ለምን ይከፍላሉ የሚለው ነው። እዚህ ላይ በቅርብ ስለማውቃት አንዲት የእንስሳት ሐኪም ልንገራችሁ። ስሟ እንዲጠራ አትፈልግም። የተማረችው ቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ ኑሮዋም እዚያው ነው። ቢሾፍቱ ደግሞ የዶሮ ከተማ ናት፤ ጫጩቱ የሚፈለፈለው እዚያ ነው፣ የእንስሳት ክትባቱም የሚመረተው እዚያው ነው።

መጻፍ የጀመረችው ስለ ፈንግል ነው። ፈንግል ገብቶበት የማያውቅ አርቢ በሽታው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ገብቶበት ያየ ደግሞ አይረሳውም፤ ትናንት ጥሬ ሲለቅሙ የነበሩ ዶሮዎች በቀናት ውስጥ ቤት ሙሉ ያልቃሉ። ብዙ አርቢዎች «ክትባት ሰጥቼ ነበር እኮ፣ ለምን አለቁብኝ?» እያሉ ይመጡባት ነበር። ጠጋ ብላ ስትጠይቃቸው ነገሩ ተገለጠላት። ክትባቱን በቧንቧ ውሃ በጥብጠው ነው የሰጡት። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ ሕያው ክትባትን ይገድላል። ይህንን በአንድ ገጽ ጻፈችው፦ ውሃው ክሎሪን የሌለበት ይሁን፤ ካልተገኘ ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ጨምሩበት፤ ክትባቱን ከመስጠታችሁ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውሃ ከልክሏቸው፣ እንዲጠሙ፤ የተበጠበጠውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ፤ ብልቃጡን ከገዛችሁበት እስከ ቤት በበረዶ ይዛችሁ ሂዱ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ጽሑፉ ከቻናል ቻናል ሲዘዋወር ከርሞ እኔ ዘንድ የደረሰው ከደሴ ነው።

ከዚያ የሐኪሟ ስልክ መጮህ ጀመረ። «ዶክተርዬ፣ አንገታቸው እየተጠመዘዘ ነው፣ አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል፣ ምን ልስጣቸው?» ሐቀኛው መልስ «ፈንግል ከሆነ መድኃኒት የለውም፤ የታመሙትን ለዩ፣ ሰው ወደ ቤቱ አታስገቡ፣ የሞቱትን ቅበሩ» የሚል ነው። እሷም የምትለው ይህንኑ ነው። በዚያችው ሰዓት አርቢው ሰፈር ያለ ሱቅ አንቲባዮቲክ ሊሸጥለት ተዘጋጅቷል። የሚያሳዝን መልስ የሰጠችው ሐኪም ታምና፣ የሚያስደስት መልስ የሰጠው ሱቅ ሳይታመን ቀረ። ደጋግሜ እንዳየሁት በጽሑፍ የሚኖር ሰው ሀብቱ እዚህ ቦታ ላይ ይጀምራል፤ አንባቢው ገንዘቡን ሊያወጣ ሲል «አታውጣ» ያለውን ሰው አይረሳም።

ገንዘቡ የመጣው ግን ወዲያው አልነበረም። የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ሁሉ በደብተር ትመዘግብ ነበር። በኋላ ለይታ ስታያቸው አብዛኞቹ ከበሽታ በፊት የሚነሱ ሆነው አገኘቻቸው፦ በዚህ ብር ስንት ቄብ ልግዛ? ቤቱ ስፋቱ ምን ያህል ይሁን? ከኑግና ከአኩሪ አተር ፋጉሎ ምን ያህል ልቀላቅል? የቀን ጫጩት ይሻለኛል ወይስ የ45 ቀን? ከሪያድና ከቤይሩት በኢሞ የድምፅ መልእክት የሚልኩ እህቶች ደግሞ ጥያቄያቸው ከሁሉም ይከብዳል፤ የዓመታት ልፋታቸውን አንድ ቦታ ሊያፈሱት ነው፤ ቤተሰብ «ዶሮ አርቢልን» ብሏቸዋል፣ የሚያማክራቸው የለም። እሷም ለጀማሪ አርቢ የሚሆን ማንዋል አዘጋጀችና በቴሌብር እየተቀበለች መሸጥ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ የወሰነችው ውሳኔ ነው እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ። ስለ በሽታ የምትጽፈው ሁሉ ለዘላለም ነፃ ነው፤ ፈንግል ገብቷል ሲባል ማስጠንቀቂያው ለከፈለውም ላልከፈለውም እኩል ይደርሳል። የምታስከፍለው ለዕቅድ ነው፦ ለማንዋሉ፣ ለቅዳሜ ሥልጠና፣ ለእርባታ ቤት ጉብኝት። አንድ ገዢ የማንዋሉን ፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ሲለቅባት ብዙ ሰው «ክሰሺው» አላት። እሷ ግን ማንዋሉን ለገዙ ሰዎች ብቻ ቡድን ከፈተችና የመጀመሪያ ዙር ዶሯቸው ዕንቁላል እስኪጥል ድረስ ጥያቄያቸውን መመለስ ጀመረች። ፒዲኤፉን ማንም ሊገለብጠው ይችላል፤ ሌሊት ለድምፅ መልእክት የሚመልስን ሰው ግን መገልበጥ አይቻልም። ሽያጩ ከዚያ ወዲህ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

የተከፈለበት ማስታወቂያ የሚባለውን ፈተና እሷም አይታዋለች፣ እኔም አይቼዋለሁ። አንድ ቄብ አቅራቢ ስለ ዶሮዎቹ ጥሩ ጥሩውን እንድትጽፍለት ጥሩ ብር አቀረበላት። የክትባት መዝገቡን ጠየቀችው፤ ማቅረብ አልቻለም፤ አልጻፈችለትም። በዚያ ወር ያ ብር ያስፈልጋት እንደነበር አውቃለሁ። ኋላ ላይ ከአንድ መኖ አምራች ማስታወቂያ ተቀብላለች፤ ከላይ «ይህ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው» ብላ ጽፋ። የማስታወቂያ አዋጃችን፣ ቁጥር 759/2004፣ ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑ ተለይቶ እንዲታወቅ ይፈልጋል፤ የቴሌግራምና የፌስቡክ ጸሐፊዎች ግን ይህን ሕግ የሚያስታውሱት በጣም ጥቂቶች ናቸው። የቁማር ድርጅት ሲከፍል «ሞክሩት» እያሉ፣ «ብር አስገቡ እናበዛላችሁ» የሚል ሲመጣ እንደ ወንድም ምክር አድርገው እየለጠፉ፣ የተከታዮቻቸውን ቁጥር እንደ ንብረት የሚሸጡ ቻናሎች ሞልተዋል። እነዚህን ሳይ እናደዳለሁ። ያ ተከታይ ሰው ነው፤ ደመወዙን ያስገባ ጥበቃ፣ የወር ኪራይዋን ያስገባች ሻይ ሻጭ ናት።

እንደ ሐኪሟ በነፃ ጽሑፍ ላይ የሚሸጥ ነገር መገንባት አዲስ ግኝት አይደለም። ዳንኤል ክብረት በጦማሩ ያወጣቸውን ጽሑፎች ሰብስቦ በመጽሐፍ ሲያሳትም፣ በነፃ ያነበበው ሰው ራሱ መጽሐፉን ሊገዛ መጥቷል። በነፃ መስጠት ሽያጭን ይገድላል የሚለው ፍርሃት በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ትክክል ሆኖ አላገኘሁትም። የእኛ አንባቢ የወደደውን ጽሑፍ በእጁ ይዞ መደርደሪያ ላይ ማኖር ይፈልጋል፣ ለዘመድ ስጦታ መስጠት ይፈልጋል። ቨርጂኒያ ያለ ሰው ደግሞ ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ ያስልከዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። የአንባቢዎቻችሁን ስም ዝርዝር ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው በቪፒኤን ካልሆነ የማይከፈቱበት ጊዜ ነበር። ገበያቸው በቻናል ላይ ብቻ የነበረ ሰዎች ወራቱን እንዴት እንዳለፉት የሚያውቁት ያውቁታል። ከእናንተ የገዛውን ሰው ስልክ ቁጥር በፈቃዱ መዝግቡ፤ ቻናሉ ቢዘጋ ወይም ገጹ ቢጠለፍ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ታገኙታላችሁ። የገቢውን መዝገብም ከመጀመሪያው ብር ጀምራችሁ ያዙ፤ ቲን ነምበርና ንግድ ፈቃድ አውጡ። በቴሌብር የገባ ብር ሁሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ግብር ሰብሳቢው ሲጠይቅ ከማስታወስ መዝገብ ማሳየት ይቀላል።

ስለ ዋጋም ልጨምር፤ እዚህ ላይ ጸሐፊዎቻችን ራሳቸውን ይጎዳሉ። «ለዕውቀት እንዴት ብር እጠይቃለሁ?» የሚል ይሉኝታ አለ። ጠበቃው፣ ሐኪሙ፣ የሒሳብ ባለሙያው ለምክሩ ይከፈለዋል፤ ያንኑ ምክር በጽሑፍ ሲያቀርበው ግን ነውር ይመስለዋል። በሌላ በኩል ምንም የተለየ ዕውቀት ሳይኖር፣ ከእንግሊዝኛ ድረ ገጽ ተገልብጦ «ሚስጥሩን ልንገራችሁ» ተብሎ የሚሸጥ ሥልጠና አለ። ዋጋ መጠየቅ የሚገባው ሥራውን እጁን አስገብቶ የሠራ ሰው ነው። የግብር ሒሳብ የሠራ፣ መኪና ሞተር የፈታ፣ ነፍሰ ጡሮችን ያዋለደ፣ ልብስ የሰፋ። እነዚህ ሰዎች «መጻፍ አልችልም» ይላሉ። ሐኪሟም መጀመሪያ ላይ ያለችው ይህንኑ ነበር።

አሁን ስለ መኖ አቀማመር መጽሐፍ እየጻፈች ነው። ማተሚያ ቤቱ የወረቀት ዋጋ ስለተወደደ ግማሹን ክፍያ ቅድሚያ ጠየቃት፤ ለመበደር ከማሰቧ በፊት ለማንዋሉ ገዢዎች ነገሩን እንዳለ ጻፈችላቸው፦ መጽሐፉ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ቢዘገይ ብሩን እንዴት እንደምትመልስ። የማተሚያው ቅድመ ክፍያ ከእነሱ ተሞላ። ከከፈሉት ውስጥ ጥቂቶቹ ዶሮ ማርባት ትተው ወደ ሌላ ሥራ የገቡ ናቸው።

እናንተስ ምንድን ነው ሥራችሁ? ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ ነገር ምንድን ነው? ከታች ጻፉልኝ፤ መጀመሪያ የምትጽፉትን አንድ ገጽ በውስጥ መስመር ብትልኩልኝ አንብቤ ሐሳቤን እሰጣለሁ።