ዓመቱን የማይናገር ብር

በዕረፍቱ ወቅት እኔና የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ስለተከራከርንበት ጉዳይ ጥቂት ላጫውታችሁ። ጉዳዩ ያረጀ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ይርጅ እንጂ ክርክሩ ትኩስ ነው።

ጓደኛዬ የጉደር አካባቢ ልጅ ነው። ሁለታችንም ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ አሮጌ ሳንቲም እንሰበስባለን። በገበያ ቀን አምቦም ሆነ ጊንጪ ስንሄድ ዐይናችን ከእህሉ ይልቅ ሽማግሌዎች ኪስ ላይ ነው። ሀብታችን በሙሉ በአንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ይገባል። የ1936 ዓ.ም. ቁጥር ያለበት የመዳብ ስሙኒ አለን፤ ከብሩ ሽልንግ ጋር እንዳይምታታ ጠርዙ እንደ አበባ የተቆረጠው ማለት ነው። ባለ አንበሳ ራሱ የ1969 ዓ.ም. ሳንቲምማ በሽ በሽ ነው።

ታዲያ በዕረፍቱ ከወርቅ ቁፋሮ የተመለሰ አንድ የሰፈሩ ጎረምሳ ዲቴክተር ይዞ መጣ። መሣሪያው ምትሐት የለውም፤ በፊዚክስ የተማርነው ነው። በሽቦ ጥቅሉ ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔታዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ ከመሬት ውስጥ ብረታ ብረት ሲያገኝ በዚያው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ መሣሪያው ይህን ምላሽ ተቀብሎ ይጮኻል። የአምቦ ውኃ ቆርኪ ቢሆንም ይጮኻል! በእኛ አገር መሬት ላይ ስንት ቆርኪ እንዳለ እናንተው ገምቱ።

ጎረምሳው ያሰበው ከጓደኛዬ አያት ማሳ ጥግ ያለውን የድሮ ገበያ ሜዳ ነው። «የሚገኘውን እኩል እንካፈላለን» አለው። ጓደኛዬም ልቡ ተነሣ። አልፈርድበትም፤ አባት የለውም፣ ሁለት ታናናሽ እህቶች ደብተር የሚጠብቁት ከእሱ ነው።

«ተው ይቅርብህ» አልኩት።

«እኛ ባናወጣው ሌላው ያወጣዋል። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ሲባል አልሰማህም?»

«የአባትህ ቤት መሆኑን ግን ራስህ ተናገርክ» አልኩት። ተኮራርፈን አደርን።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነበር። በዚያ ሜዳ ይገኛል ተብሎ የሚጠበቀው ጠገራ ብር ነው። በላዩ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስልና 1780 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብሩ ሲታተም የኖረው በዚያው ቁጥር ነው። ጣሊያን አገራችንን ስትወር፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ላይ ያሳተመችው እንኳ 1780 ይላል። ስለዚህ ሜዳው ላይ የሚወጣው ብር በምኒልክ ዘመን ቅቤና ማር የተሸጠበት ነው? ወይስ ወራሪው የከፈለው? ብሩ ራሱ አይናገርም። የሚናገረው የተቀበረበት አፈር ነው፤ ጥልቀቱ፣ አብሮት ያለው ገልና አመድ። ጎትቶ ላወጣው ሰው ግን የቀረው ሃያ ስምንት ግራም ያህል ብረት ብቻ ነው።

በማግሥቱ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ አያቱ ሄድን። አኮ እንላቸዋለን። ነገሩን ሰምተው ዝም አሉና ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ቋጠሮ ይዘው ወጡ። ሲፈቱት አንድ ጠገራ ብር!

«እናቴ ሦስት ነበራት» አሉን። «ሁለቱን አንጥረኛ አቅልጦ የአንገት ጌጥ ሠራልኝ። ይቺን ግን፣ አባቴ በሬውን ሸጦ ያመጣት ናት ብላ አስቀመጠችልኝ። በሬው ዳማ ነበር። የወንድሜን ነፍስ ለማዳን ነው የተሸጠው፤ ልጁ ግን አልዳነም። ብሯ ተረፈች።»

ጓደኛዬ ብሩን አገላብጦ አየው። «አኮ፣ ይህን ነግረውኝ አያውቁም» አላቸው።

«አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉት።

እነሆ፣ በ1780ው ብር ላይ ያልተጻፈው ሁሉ በእኚህ እናት አንደበት ነበር። ጓደኛዬ ለጎረምሳው እንደማይገባበት ነገረው። ጎረምሳው ግን ከሌሎች ጋር ሌላ ቦታ ቆፈረ። ጉድጓዶቹን አይተናል። የወጣውን ነገር ገዢው የጠየቀው «ስንት ግራም ነው?» ብቻ እንደሆነ ሰምተናል። ጓደኛዬም ያን ቀን በእጁ ያልገባውን ገንዘብ አስቦ መተከዙን አልደብቃችሁም። ችግሩ ዛሬም አለ።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያስታውቅ ያዛል። በዲቴክተር መፈለግ እንደ መዝናኛ በሚታይባት በእንግሊዝ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ጥንታዊ ሀብት ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት።

ነገር ግን መምህር ለመሆን ለምንዘጋጅ ሰዎች ሕጉ ብቻ አይበቃም። ጓደኛዬ በማስተማር ልምምዱ ላይ ያቺን ብር በአኮ ፈቃድ ወደ ክፍል ወሰዳት። ተማሪዎቹ ወረቀት አልብሰው በእርሳስ እየፈገፈጉ ምስሏን አነሡ። ከዚያም «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የምንለው ቤሳ የምኒልክ ዘመን ገንዘብ እንደነበር፣ ግርሽና የኦሮምኛው ቀርሺም ዘመዳሞች እንደሆኑ አስረዳቸው። በሚቀጥለው ቀን ሰባት ልጆች ከየቤታቸው ሰባት ታሪክ ይዘው መጡ። አንድም ጉድጓድ አልተቆፈረም!

እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ ነገ በየገጠሩ ስንመደብ የሳንቲም ቆርቆሮ ብቻ ሳይሆን ደብተርም እንያዝ። ከማን፣ ከየት፣ መቼ እንደተገኘ እንመዝግብ። ቋጠሮው ሳይፈታ፣ ባለቤቱም ሳያልፍ፣ ቀድመን እንጠይቅ።